ሌላዋ ሜሮን ደምሴ

ባለፈው ሳምንት ካይሮ፣ በጊዛ በኩል ቡላቅ አል-ዳክሩር ባለችው ቤታችን፣ አባታችን ዐረፉ ብለን ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። ፍራሾቹን ግድግዳ ሥር ዘረጋን፤ ከፎቁ ነዋሪዎች ወንበር ተዋስን። የታችኛዋ ግብፃዊት ጎረቤታችን ስኳር የሌለው ቡና በትንንሽ ሲኒ አድርጋ በትሪ ላከችልን። እዚህ አገር ለቅሶ ቤት የሚጠጣው እንዲህ መራራውን ነው። ሐበሻው ከየሠፈሩ በሜትሮም በማይክሮባስም መጣ። መቼም የካይሮ ሐበሻ ለሠርግ ቢዘገይም ለለቅሶ አይዘገይም።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እጄን ይዛ ቆየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። አባታችን ገና ልጆች ሳለን መሞቱን ድሮ ነግሬያት ነበር። ታዲያ እኚህ አባት ማን ናቸው አለችኝ።

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ይብስብኛል። የሞቱት ሰው በአካል አይተናቸው የማናውቅ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ይኖሩ የነበሩ አዛውንት ናቸው፤ እኅቴ ሜሮን ኮሌጅ ስታመለክት የኢሜይል አድራሻ ስንመርጥ ነው ያገኘናቸው ብላት ሐዘኑ አእምሮዬን የነካው ይመስላት ነበር። ስለዚህ “ዘመድ ናቸው” አልኳት። ውሸት አልነበረም። ግን ሙሉው ነገር እሱ አልነበረምና ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ያኔ እኔ ሃያዎቹን ጀማምሬ ነበር፤ ሜሮን ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ለመጨረስ ደርሳለች። እናታችን እኛን ይዛ በሱዳን በኩል ካይሮ ከገባች በኋላ ብዙ አልቆየችም። ሕመም ጣላትና እዚሁ ቀበርናት። ሆስፒታል ተኝታ በነበረችበት ጊዜ አንዲት ነርስ ሁልጊዜ ስታልፍ የእናታችንን እግር በአንሶላው ሸፈን እያደረገች ትሄድ ነበር። ማንም አላዘዛትም። እናታችን እግሯ ሲበርዳት እንደማትወድ በምን እንዳወቀች እንጃ። ሜሮን ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ግን ከዚያ ወዲህ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ሲሏት ሌላ መልስ ሰጥታ አታውቅም።

እኔ የተማርኩት ኮምቦልቻ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ካይሮ ከመጣን በኋላ ዶቂ ውስጥ፣ ኤምባሲዎቹ ባሉበት ሠፈር፣ አንዲት መዳም ቤት አጸዳ ነበር። አልጣሽ የሚለው ስሜ ለምላሷ ስላልተመቻት ሱሱ ትለኛለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ጠዋት ጠዋት ከቤታችን ወጥቼ በባቡር ሐዲዱ ላይ ያለውን ድልድይ እሻገራለሁ። ወዲያ ማዶ የፉል ጋሪው ይጤሳል፤ የባቄላ ቂጣውን፣ ታዕሚያ የሚሉትን፣ የሚጠብሰው ሰውዬ ዘይቱ ውስጥ ሲጥለው የሚሰማው ድምፅ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስለኛል። ከዚያ ማይክሮባስ ይዤ ዶቂ እገባለሁ። ለኔ ካይሮ ማለት ይህ መንገድ ነበር። ሜሮን ይህንን መንገድ እንዳትመላለስበት ነበር ሐሳቤ ሁሉ።

ከእኛ ጋር እትዬ ዘውዴ ይኖሩ ነበር። ዶቂ ውስጥ ለአንድ የሐበሻ ዲፕሎማት ቤተሰብ ምግብ የሚሠሩ፣ በዕድሜ እናታችንን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ቤቱን በጋራ ነው የተከራየነው፤ አስተዳዳሪዋ ግን ያለ ምርጫ እሳቸው ነበሩ።

ነገሩ የተጀመረው በሚያዝያ ነው። ኸማሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃ አሸዋ ተሸክሞ መጥቶ ሰማዩን እንደ በርበሬ ወጥ ያቀላበት ሰሞን። ሜሮን የምትማርበት የስደተኞች ትምህርት ቤት ውስጥ ጋሽ ሙሉጌታ የሚባሉ አስተማሪ ነበሩ፤ አገር ቤት ትልቅ ሥራ ላይ የነበሩ፣ በፖለቲካ ምክንያት የወጡ ሰው። ለስደተኛ ልጆች በነፃ የሚያስተምር የነርሲንግ ኮሌጅ እንዳለ ሰምተው ለተማሪዎቻቸው ማመልከቻ ሊሞሉላቸው ተነሡ። ኢሜይላችሁን አምጡ አሏቸው። ሜሮን በዐሥራ አራት ዓመቷ ስልክ መሸጫ ሱቅ ሄዳ ያስከፈተችውን ሰጠቻቸው። አድራሻው በፈረንጅ ፊደል “ሜሪ ማር የካይሮዋ ልዕልት” የሚል ነበር።

ጋሽ ሙሉጌታ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ “ልጄ፣ በዚህ አድራሻ ለሠርግ ይጠሩሽ ይሆናል እንጂ ለትምህርት ማንም አይጠራሽም” አሏት።

ሜሮን ፊቷ እንደቀላ ነው ቤት የገባችው። ጋሽ ሙሉጌታ ለሁሉም ያሉት ግልጽ ነበር፤ ስምሽ፣ ነጥብ፣ የአባትሽ ስም። ሌላ ምንም። ልብ የለ፣ አበባ የለ፣ የትውልድ ዘመን የለ። እናንተ ሳትደርሱ ቀድሟችሁ በር የሚያንኳኳው እሱ ነው ብለዋቸዋል።

ዓርብ ከሰዓት ነበር። ሦስታችንም ሥራ የሌለን ቀን እሱ ብቻ ነው። የጁምዓ ሶላት አልቆ መንገዱ ጸጥ ብሏል፤ ከየፎቁ የሚጠበስ ዓሣ ይሸታል። እትዬ ዘውዴ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ለወጥ የሚሆን የሞሎኪያ ቅጠል ይቀነጥባሉ። ሜሮን መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳን ይዛ መሃላችን ተቀመጠች። ለኔ አድራሻ ማለት “ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከፕላስቲክ ቧንቧ ሻጩ ቀጥሎ፣ አምስተኛ ፎቅ” ነው። እሱም ባለቤቱ ኪራይ ጨምሩ እስኪል ድረስ ነው፤ ስንት ቤት ቀይረናል። ሜሮን ስለ ኢሜይል ስታስረዳኝ ግን፣ ቤት ብንለቅም፣ አገር ብንለቅም አድራሻው እዚያው ነው አለችኝ። አውስትራሊያ ብሄድ ደብዳቤው እዚያ ያገኘኛል አለች።  የማንም ባለቤት የማያስወጣን ቤት ማለት ነው።

እትዬ ዘውዴ ግን አልጣማቸውም። “ሰው ሙሉ ስሙን ከነአባቱ እንዲህ አየር ላይ ይበትናል? ማን እንደሚለቅመው በምን ይታወቃል?”

“እትዬ፣ አየር ላይ እኮ አይደለም። ኮምፒዩተር ውስጥ ነው” አለች ሜሮን።

“ኮምፒዩተሩስ የት ነው ያለው?”

ሜሮን ስልኳን ገልብጣ ጀርባውን አየች። እትዬ ዘውዴ አሸናፊ ሆነው ወደ ሞሎኪያቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ የግድ ከሆነ መጀመሪያው ላይ የመልአክ ስም ይግባበት፣ ይጠብቃታል አሉ። ሜሮን ጋሽ ሙሉጌታ እንደማይፈቅዱ ነገረቻቸው። ሰውዬው ድሮም ሃይማኖቱ ላላ ያለ ነው ብለው ተዉት።

ሜሮን ጻፈች። መጀመሪያ ሜሮን፣ ነጥብ፣ ከዚያ ደምሴ። ስልኩን ወደኔ አዞረችው። አባታችን ኮምቦልቻ ውስጥ የጋሪ ጎማ ይጠግን ነበር። ፊደል አልቆጠረም፤ ወረቀት ሲመጣ በአውራ ጣቱ ነበር የሚፈርመው። ከከተማው ርቆ የሄደው ለገበያ ብቻ ነው። ያ ስም ፈረንጅ ፊደል ለብሶ ጊዛ ውስጥ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሲያበራ ሳይ የአባቴን ትከሻ ያየሁ መሰለኝ። 

ከዚያ ከሥሩ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ይህ ስም በሌላ ሰው ተይዟል ይላል።

“ማን ነው የያዘው?” አልኩ።

ሜሮን ነገሩ የተለመደ መሆኑን፣ በዓለም ላይ ስንትና ስንት ሰው እንዳለ ልታስረዳኝ ሞከረች። እኔ ግን አልሰማኋትም። ሜሮን የሚባል ብዙ አለ፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ቦታ ሌላ ደምሴ አለ ማለት ነው። ያም ደምሴ ሴት ልጅ ወለደ፤ ያችንም ሜሮን አላት። ያቺም ሜሮን አንድ ቀን ልክ እንደዚህ ተቀምጣ፣ ስሟን ከነአባቷ ጽፋ፣ ይቻላል ተብላ ገባች። እኛ አሁን በሩን ስናንኳኳ ከውስጥ ሰው አለ ተባልን። የሰው ልጅ እንዲህ ተጠጋግቶ ሳይተያይ እንደሚኖር አስቤ አላውቅም ነበር።

እትዬ ዘውዴ ይህን ጊዜ ነቃ አሉ። የሞሎኪያውን ሣህን ገፋ አደረጉና፣ “ሞክሼሽ ናታ። ስሟ ያንቺ፣ የአባቷም ስም ያንቺ። እንዲህ ያለች ሞክሼ አግኝተሽ ሰላም ሳትዪ ልታልፊ ነው? ማን አሳደገሽ?” አሉ።

ማን አሳደገሽ ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር።

ሜሮን ሳቀች። ለማያውቁት ሰው ኢሜይል መላክ ያሳፍራል፣ አጭበርባሪ ነው የምንመስለው አለች። ደግሞም እሷን የጨነቃት ሌላ ነው፤ አድራሻው ጠፍቷል፣ ማመልከቻው ደርሷል። ቁጥር ልጨምር ብላ አሰበች፤ ቁጥር ደግሞ ተከልክሏል። ያኔ ነው እኔ አያታችንን ያስታወስኩት። ሜሮን ስሙን አታውቀውም ነበር፤ ከአገር ስትወጣ በእጄ የማነሣት ልጅ ነበረች። “ይመር ነው” አልኳት። ሜሮን ነጥብ ደምሴ ነጥብ ይመር። ጻፈችው። ጽሑፉ አረንጓዴ ሆነ። በዓለም ላይ ሌላ የለም ማለት ነው። 

ሜሮን ወደ ጋሽ ሙሉጌታ ትምህርት ቤት ስትሄድ አዲሱን አድራሻ በወረቀት ጽፋ ለጽሕፈት ቤቱ ሰጠች። እኔ ግን የእትዬ ዘውዴ ነገር ከነከነኝ። እንዳልኩት፣ ሰው ፊት ስቆም ቃል ይጠፋብኛል። ጽሑፍ ላይ ግን የሚያየኝ የለም። በሚቀጥለው ዓርብ ሜሮንን ስልኳን እንድታውሰኝ ለመንኳትና ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ጻፍኩ። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ።

“ለማናውቅሽ ለሜሮን ደምሴ። እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔ የሞክሼሽ ታላቅ እኅት ነኝ። ያለነው ካይሮ ነው። ስሙን አንቺ ቀድመሽ ይዘሽዋል፤ በደህና ያዢው። እኛ የአያታችንን ስም ጨምረን ሌላ አውጥተናል። አባትሽ በሕይወት ካሉ ሰላም በዪልን። የኛ ደምሴ ዐርፏል።”

መልስ አልመጣም። ሜሮን ‘አላልኩሽም’ የሚል ፊት አሳየችኝና ረሳችው።

እኛ ያላወቅነው ነገር ነበር። ሜሮን የሰጠችው ወረቀት ጋሽ ሙሉጌታ ዘንድ አልደረሰም። እሳቸው የተማሪዎቹን ማመልከቻ በአንድ ቀን፣ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር፣ በተርታ ነው የሞሉት። አድራሻ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ለሁሉም ያዘዙትን ያውቃሉና የሁሉንም በዚያው መንገድ ጻፉ፤ ስም፣ ነጥብ፣ የአባት ስም። ለሌሎቹ ልክ ነበር። የእኅቴ ማመልከቻ ግን የሌላዋን ሜሮን አድራሻ ይዞ ሄደ።

ሰኔ መጣ፤ ሙቀቱ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሐምሌ ሲገባ ማንጎ በጋሪ መንገዱን ሞላው። አብረዋት ያመለከቱት ልጆች አንድ በአንድ መልስ መጣላቸው፤ ግማሹ ተጠራ፣ ግማሹ አዝናለሁ ተባለ። ለሜሮን አዝናለሁ የሚልም አልመጣም። ስልኳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ማንጎ ትወድ ነበር፤ ልጣጩን ልጬ ሳቀርብላት ጥግ ጥጉን ነክሳ ትተወዋለች። አንድ ቀን “ኸላስ” አለች፤ በቃ፣ አለቀ ማለቷ ነው። የምትወዳቸውን መጻሕፍት በላስቲክ አሰረች። የመዳም እኅት ቤቷ የምታድር ሠራተኛ ትፈልግ ነበርና፣ እትዬ ዘውዴ ጠይቀው አገኙላት። ሜሮን እሺ አለች። ተከራክራ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን በቃ እሺ ነው ያለችው፤ እኔም ያን እሺታ አውቀዋለሁ፣ በዕድሜዋ ሳለሁ እኔው ራሴ ብዬዋለሁ።

ሥራ ከመጀመሯ በፊት የተዋሰቻቸውን መጻሕፍት ልትመልስ ጋሽ ሙሉጌታ ጋ አብረን ሄድን። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ቃለ መጠይቁ ለመቼ እንደተቀጠረላት ጠየቋት፤ ከክፍሉ የበለጠ ውጤት ይዛ እንዳልተጠራች ሊገባቸው አልቻለም። ኮምፒዩተሩን ከፍተው የላኩትን ማመልከቻ አሳዩዋት። ሜሮን አጎንብሳ አየችና ቀና አለች።

“ጋሼ፣ ይሄ የኔ አይደለም። የሌላ ሰው ነው።”

ጋሽ ሙሉጌታ መነጽራቸውን አወለቁ።  ከዚያ ትልቅ ሰው ሆነው ሳሉ ተነሥተው ቆሙና፣ “ይቅር በዪኝ ልጄ። ሳልጠይቅሽ የማውቅሽ መስሎኝ ነው” አሏት። ሜሮን ማሌሽ ጋሼ፣ ማሌሽ፣ ምንም አይደለም እያለች ራሷ አለቀሰች።

በማግሥቱ ኮሌጁ ድረስ ሄድን። ከከተማው ወጥቶ አዲስ ሕንፃ በሕንፃ ላይ በሚሠራበት በረሃ ውስጥ ነው፤ ሁለት ማይክሮባስ ቀይረን ደረስን። ዘበኛው ደግ ሽማግሌ ነበር፤ ከጥላው ሥር ውኃ ሰጠን። ግን አላስገባንም። ኩሉ ቢል-ኢሜይል ያ በናት አለን፤ ልጆቼ፣ ሁሉም ነገር በኢሜይል ነው። ጋሽ ሙሉጌታም ጻፉላቸው፤ ወዲያው የሚመልስ አልተገኘም። የተጠሩት ልጆች ቃለ መጠይቅ ደግሞ ሊደርስ ነው። ሜሮን ተጠርታ ይሁን ተከልክላ የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም የት አገር እንዳለች አናውቅም፤ ሰላም ብለናት አልመለሰችም።

በዚያው ምሽት ስልኩን ሜሮን ራሷ ሰጠችኝ። “አንቺ ጻፊላት፣ አልጤ። ያንቺ ትውውቅ ናት” አለችኝ። ሁለተኛውን ደብዳቤ አሳጠርኩት። ለኛ የተላከ ወረቀት በስሕተት አንቺ ጋ መጥቶ ይሆናል፤ ክፉም ቢሆን ደግም ቢሆን ንገሪን፤ የልጅቷ ሕይወት ነው አልኳት።

መልሱ የመጣው እኔ መዳም ቤት መስኮት ስወለውል ነው። ሜሮን ደውላ ማልቀስና መሳቅ ቀላቅላ ስታነብልኝ ጨርቁን ይዤ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።

“ለውድ ሞክሼዬና ለእኅቷ” ይላል። ሌላዋ ሜሮን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጫማ ነጋዴ ነበረች። ኢሜይሏን የምትከፍተው ከአዲስ አበባ ዕቃ ስታዝ ብቻ ነው። “ሰላምታሽን ያየሁት ሰኔ ሲገባ ነው። አባትሽ በሕይወት ካሉ ሰላም በዪልን ብለሽኛል። ሰላምታውን ሳላደርስ መልስ መጻፍ ነውር መሰለኝ። አባቴ ያለው ገጠር ነው፤ በክረምት ጭቃው መኪና አያስገባም። ዝናቡ ጋብ ያለ ጊዜ በእግሬ ሄጄ ነገርኩት። ‘የነሱ ደምሴ ቢያርፍ የኛ ደምሴ አለ በያቸው’ ብሏል። ይኸው አደረስኩ።”

ከዚያ ስለ ኮሌጁ ጻፈች። በእንግሊዝኛ የመጣውን ደብዳቤ መጀመሪያ አጭበርባሪ የላከው መስሏት ልታጠፋው ነበር። ካይሮ የሚለውን ስታይ ሰላምታዬ ትዝ አላት። የሰው ደብዳቤ በእጄ ከሚዞር ለላከው ይመለስ ብላ ለኮሌጁ በአማርኛ ጽፋላቸዋለች፤ ያን ያህል ትልቅ ትምህርት ቤት አማርኛ የሚያነብ መቼም አያጣም ብላለች። አሁን ደግሞ ደብዳቤውን ለኛ እንዴት አድርጋ እንደምታስተላልፍ ስላላወቀች ኮምፒዩተሩን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ላከችው። በአንዱ ፎቶ ጥግ ላይ አውራ ጣቷ ይታያል። ማታ ሜሮን ፎቶውን ስታሳየኝ ከደብዳቤው ይልቅ ያችን ጣት ነው ያየኋት፤ ሰው መሆኗን ያመንኩት ያኔ ነው።

ሜሮን ተጠርታ ነበር። ቃለ መጠይቁ ለፊታችን እሑድ ነው።

እሑድ ዘበኛው አስገባን። እኔ በሩ አጠገብ ልጠብቅ ብል፣ መነጽር ያደረገች ግብፃዊት ኃላፊ በእጇ ጠቅሳ ሜሮን አጠገብ አስቀመጠችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ወረቀት አለ፤ ኢሜይሉን አትማዋለች፣ ከላይ እስከ ታች የኛው ፊደል ነው። ይህ ጽሑፍ ወደ ቢሮው ከመጣ ጀምሮ ማንም አላነበበውም፣ ግን በሜሮን ደምሴ ስም ስለመጣ አልጣልነውም አለች። እስኪ አንቺ ንገሪን፣ ምን ይላል?

ሜሮን ለራሷ አነበበችው። ከዚያ ወደ ዓረብኛ መመለስ ጀመረች፤ እኔ ግን ዓይኔ አማርኛው ላይ ነበር።

“እኔ ሜሮን ደምሴ ነኝ፤ እናንተ የጠራችኋት ግን እኔን አይደለም። የምትፈልጓት ልጅ ያለችው እዚያው እናንተ ከተማ ነው። አይቻት አላውቅም። እኅቷ ግን ለማታውቀው ሰው ሰላምታ የምትልክ ናት፤ እንዲህ ካለ ቤት ክፉ ልጅ አይወጣም። እባካችሁ ፈልጓት። ዋስ ካስፈለገ እኔ ዋሷ ነኝ።”

ሜሮን ስትጨርስ ኃላፊዋ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። “ያዕኒ፣ ማለትሽ ይህችን ሴት አታውቂያትም?”

“አላውቃትም።”

“ታዲያ ለምን ዋስ ሆነችሽ?”

ሜሮን አሰበች። “ስማችን አንድ ነው” አለች። 

ኃላፊዋ ወረቀቱን አጣጥፋ ከሜሮን ማመልከቻ ጋር አያያዘችው። ከዚያ አዲሱን አድራሻ ጠየቀች፤ ሦስተኛው ስም ጋ ስትደርስ ብዕሯን አቆመችና ይመር የሚባለው ማን ነው አለች። ሜሮን ወደኔ ዞረች። እኔም በዚያ ቢሮ ውስጥ አንዲት ቃል ተናገርኩ። “ጊዲ” አልኩ፤ አያቴ። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀችና ጻፈችው። አያቴ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ነበር።

ሜሮን ዛሬ ነርስ ናት። ለለቅሶው ከተረኝነት ሥራዋ ስትመጣ ነጭ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ነበር። ከሌላዋ ሜሮን ጋር ለየበዓሉ እንጻጻፋለን፤ ምስል እያየን ማውራት ሲጀመር መጀመሪያ መጀመሪያ ከእኅቴ ጀርባ እደበቅ ነበር። አባባ ደምሴ ስልክ ላይ ብዙ አይናገሩም ነበር። ከብቶቹ ደህና መሆናቸውን፣ ዝናቡ መምጣቱን ይነግሩንና መርቀውን ስልኩን ለልጃቸው ይመልሱላት ነበር። ምርቃታቸው ሁልጊዜ ከወሬያቸው ይረዝም ነበር። እትዬ ዘውዴ አገር ቤት ከገቡ በኋላ ሄደው አይተዋቸዋል፤ ረጅም ሰው ናቸው ብለውናል። የኔ አባት አጭር ነበር።

ሰው እንዴት እንደሚገናኝ ሳስብ አሁንም ይገርመኛል። በዚያ ዓርብ ስሙ ባይያዝ ኖሮ ደስ ብሎን ስልኩን እንዘጋ ነበር፤ አባት የሌለን ሆነን እንቀር ነበር።

ትናንት ሌላዋ ሜሮን ከቀብሩ የተቀዳ ድምፅ ላከችልን። በአገራችን ወግ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ልጆቻቸው በስም ይጠራሉ። ነፋስ አለ፣ የሚያለቅሱ ሴቶች አሉ፣ አንድ ሰው በወፍራም ድምፅ ያነባል። ደብረ ማርቆስ ያሉትን ልጆች ጠራ፤ ከነሱ ውስጥ ሜሮን ደምሴ አለች። ከዚያ “በግብፅ አገር ካይሮ የሚኖሩ” አለና ሁለታችንን ቀጠለ። ሁለተኛዋ ሜሮን ስትጠራ ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ሰውዬው ሁለት ልጆቻቸውን አንድ ስም አወጡላቸው እንዴ ሳይባል አልቀረም። እኅቴ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

እኔ ግን ከሷ በፊት የተጠራው ላይ ነው የቀረሁት፤ በዕድሜ ታላቅ ስለሆንኩ ቀድሜ ተጠርቻለሁ። ዶቂ ሱሱ ነኝ፤ ቤት አልጤ ነኝ። “አልጣሽ ደምሴ” ብሎ ከነአባቴ ጮክ አድርጎ የጠራኝ ሰው ከስድስተኛ ክፍል የስም ጥሪ ወዲህ አልነበረም። ሜሮን ከተኛች በኋላ ያን ቦታ መልሼ ከፈትኩት። ሰውዬው ስሜን ሲጠራ፣ ሳላስበው፣ “አቤት” አልኩ።